አቤራ እስኪመጡ

እኔ መጠበቅ አልችልም። በከተማችን መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ እንኳ ደንበኛ ካመነታብኝ መቀሴን አንስቼ እቆርጥለታለሁ። ታናሽ ወንድሜ ጠሃ ድንገተኛ ክፍል በገባበት ቀን ግን ቤተሰቡ በሙሉ ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጎታችን ከአጋሮ እስኪመጡ አርፌ እንድጠብቅ።

ጠሃን ያመመው ከሥራ ሲመለስ ነው። ራሱን ፈለጠው፣ ሰውነቱ ተኮሰ፣ መብራት ስናበራ ዓይኑን ሸፈነ። እናቴ ፈሂማ "ፀሐይ ላይ ውሎ ምች መትቶት ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፣ ግንባሩን አሸችው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስተኛችው። ዳማከሴ አልጠላም፤ እኔንም ያሳደገችኝ በሱ ነው። በማግስቱ ግን ያስመልሰው ጀመር፣ እኔንም በሌላ ሰው ስም ጠራኝ። ያኔ ከእናቴ ጋር ተጣልቼ ከሰፈራችን ከጊንጆ በባጃጅ ይዤው ወጣሁ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ሆስፒታል እስክንደርስ ለአጎታችን ስልክ ስትደውል ነበር።

ያየን ዶክተር ኖህ ይባላል፣ ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው። ጠሃን በጀርባው አስተኝቶ ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና ሊያደርገው ሲሞክር አንገቱ አልታጠፍ አለ፤ ጉልበቶቹ ግን በራሳቸው ተሰበሰቡ። የዶክተሩ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

"የምጠረጥረው ማጅራት ገትር ነው" አለኝ። "ከባክቴሪያ የመጣ ከሆነ ፋታ አይሰጥም። ደም ወስጄ መድኃኒቱን አሁኑኑ እጀምራለሁ። ከጀርባው ደግሞ ውሃ መቅዳት አለብኝ፤ የትኛው ጀርም እንደሆነ የምናውቀው በሱ ነው። ለዚህ ግን ፈቃዳችሁ ያስፈልገኛል።"

የጀርባ ውሃ ሲል እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

በእኛ ቤተሰብ ይህን መርፌ የማይፈራ የለም። የአቤራ ሀቢቡላህ ልጅ አብዱልሃዲ ከዓመታት በፊት የሞተው ከጀርባው ውሃ ተቀድቶ ነው ይባላል። አቤራ የምንላቸው እኒህኑ የአጋሮውን አጎታችንን፣ የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ጋብቻም ሆነ ሕክምና ያለ እሳቸው ቃል አይሆንም።

"ዶክተር፣ አንዴ ይታገሡን" አለች እናቴ። "አጎቱ መንገድ ላይ ናቸው። ልጁን ቤት ወስደን እንምከርና መልሰን እናመጣዋለን።"

"እናቴ፣ አሁን ከዚህ ከወጣ እናጣዋለን። መርፌው የሚገባው ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው፣ ህብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች። ሽባ ያደርጋል የሚባለው ውሸት ነው" አለ ዶክተሩ።

"ለአብዱልሃዲም እንዲህ ተብሎለት ነበር" አለች።

ነርሷ ታቢታ መጀመሪያ እብጠት የሚቀንስ መርፌ ሰጠችው፣ አስከትላም ባክቴሪያ የሚገድለውን ሴፍትሪያክሶን። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አክስቶቼ መጡ፣ ልጆቻቸው መጡ፣ የገባ ሁሉ "አቤራ የት ደረሱ?" ይላል። ቡና የጫነ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል አሉ፤ ስልካቸውም አይነሳም። ቁጭ ስል ያቃጥለኛል፣ መልሼ እነሳለሁ። ውሃ ገዛሁና ሳልጠጣው የሆነ ቦታ ጣልኩት። ጠሃ መጀመሪያ ስጠራው ዓይኑን ይገልጥ ነበር፤ አሁን ደጋግሜ ካልጠራሁት አይሰማኝም። ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ዶክተር ኖህ ተመልሶ መጣ። "እየደከመ ነው። ከዚህ ከባሰበት ውሃውን መቅዳቱ ራሱ አደጋ አለው፤ ያኔ እምቢ የምለው እኔ ነኝ" አለ።

"ያምጡ፣ ልፈርም" አልኩት።

እናቴ እጄን ለቀም አደረገችው። "ሩፈይዳ፣ አቤራ ምን ይሉናል? ያ ረቢ፣ ማል ጎና? ምን እናድርግ?"

"የፈለጉትን ይበሉኝ። ጠሃ ከሞተ በኋላ ቢመጡ ምን ይፈይድልኛል?"

ፈረምኩ። በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሲያጥፉት ትከሻውን ይዤለት ነበር። ኩልል ማለት የነበረበት ውሃ ደፍርሶ፣ የሩዝ እጣቢ መስሎ ጠብ ጠብ አለ። ዶክተሩ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየውና ምንም ሳይለኝ ወደ ላብራቶሪ ላከው።

ብዙም ሳይቆይ ጠሃ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሱ ገጠመ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። አቤራ በበሩ የገቡት ልክ ያን ጊዜ ነው። እናቴ መሬት ላይ ተዘረጋች፣ አክስቴ ፈድሊያ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

"እሷ ናት ያስወጋችው" አለች። "እርስዎን ሳትጠብቅ።"

ታቢታ መድኃኒት ሰጥታው መንቀጥቀጡ ጋብ አለ። ዶክተሩ ከበሽታው እንጂ ከመርፌው እንዳልሆነ ቢናገርም የሰማው የለም፤ ሁሉም የሚያየው አቤራን ነው። እኔ ጥፊ እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው ግን ከጠሃ እግር ስር ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ዝምታቸው ከጥፊ ብሶ ሲያንገበግበኝ አደረ።

በማግስቱ የላብራቶሪው መልስ መጣ። ባክቴሪያው ታይቷል፣ የተጀመረለትም መድኃኒት ለሱ የሚሆን ነው። ከሰዓት በኋላ ጠሃ ዓይኑን ገልጦ "ውሃ" አለ። እናቴ አልሐምዱሊላህ እያለች አለቀሰች፤ እኔም ሰው ፊት የማላለቅሰው ሴትዮ አለቀስኩ። አቤራ አሁንም ከእግሩ ስር እንደተቀመጡ ናቸው።

ከጎናችን ባለው አልጋ ላይ ኑሪ የሚባል ገበሬ ሚስቱን ኢፍቱን አምጥቶ ነበር። ትኩሳቷ የኛው ዓይነት ነው፣ አንገቷም እንደዚያው። ዶክተር ኖህ ስለ መርፌው ማስረዳት ሲጀምር ኑሪ ራሱን ነቀነቀ።

"አይሆንም" አለ በኦሮምኛ። "አጋሮ አንድ ወጣት በዚህ መርፌ ሞቷል፣ አገር የሚያውቀው ነው። ቤት ልውሰዳትና ሽማግሌ ላማክር።"

አቤራ ተነሱ። ኑሪን ደግፈው ሊናገሩ መሰለኝ።

"ያ ወጣት የኔ ልጅ ነው" አሉት፣ በዚያው በኦሮምኛ። "ሐኪሙ እንዲህ ለምኖኝ ነበር። እኔ ግን አባቴን ሳላማክር አይሆንም ብዬ፣ አንድ መድኃኒት እንኳ ሳይጀመርለት ተሸክሜው ወጣሁ። አባቴ ከገጠር መጥተው እሺ እስኪሉ ነጋ። ስንመልሰው ሰው አይለይም። መርፌውን እንደወጉት ሞተ።"

"ታዲያ መርፌው ነዋ" አለ ኑሪ።

"እኔ ነኝ። ሰው አባቴን እንዳይወቅስብኝ፣ እናቱም እኔን እንዳትጠላኝ ብዬ መርፌው ነው አልኩ። ይኸው የገዛ ቃሌን አንተ መልሰህ ነገርከኝ። እኔን አምኖ ስንት ሰው በሽተኛውን ቤት እንደወሰደ አላውቅም።"

እናቴ የጠሃን ብርድ ልብስ ጨብጣ አቤራን ታያቸዋለች። ኑሪ ሚስቱን አየት አደረገና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አቤራ እጁን ያዙት።

"ሽማግሌ ነው የምትፈልገው?" አሉት። "እኔ አለሁልህ። ፈርም።"