የዘጠኝ ሰዓቱ ትእዛዝ

«ለሦስት አምስት ጉዳይ ነው፤ ቀጠሮ ያላችሁ ግቡ!» አለ የፍርድ ቤቱ ጥበቃ። መዝገብ ልታስገባ የተሰለፈችው ሴና ስልኳን አየት አደረገች። 8፡55 ይላል። ወዲያው የትናንቱ ሥራዋ ትዝ አላት።

ትናንት በምትሠራበት የጠበቃ ቢሮ፣ በኮምፒዩተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ አንዲት መስመር ጽፋ ነበር፤ አዳዲስ ፋይሎች የሚገቡበት ፎልደር በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራሱ ይጠረግ የምትል። ከእሷ በፊት የነበረው ቤካ ደግሞ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለበጥ አዝዟል። መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይጠረጋል። ቤካ ግን የጻፈው 14 ብሎ ነው፤ እሷ በጥድፊያ 15 በማለት ፈንታ 9 አለች። ኮምፒዩተር የሐበሻ ሰዓት አያውቅም፤ የእሱ ዘጠኝ የጠዋቱ ሦስት ነው። ሳይገለበጥ ሊጠርገው ነው!

ፎልደሩ ውስጥ ትናንት አመሻሽ የገባ የአንዲት ሴት ድምፅ አለ። የጋሽ ገረሱ ባለቤት ዕፀገነት ከመሞቷ በፊት በክርክር ላይ ስላለው የጌጃ ሰፈር ቤታቸው የሰጠችው ቃል ነው። ዛሬ ማለዳ ሽማግሌው በሰው ስልክ ደውለው፣ ድምፁ የተቀዳበት ስልካቸው ታክሲ ውስጥ መሰረቁን ነግረዋታል። «ደግነቱ እናንተ ጋ አለ» ብለው ነበር።

ሰልፉን ጥላ እየሮጠች ቢሮ ደወለች። ጸሐፊዋ በሦስተኛው ጥሪ አነሡ።

«እትዬ ወይንሀረግ፣ የኮምፒዩተሩን ሶኬት ይንቀሉልኝ!»

«የትኛውን ልጄ?»

«ሁሉንም! አሁኑኑ!»

መስመሩ ተቋረጠ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስትራገም የኖረች ልጅ፣ ዛሬ ድርግም እንዲል እየለመነች በታክሲዎቹ መሀል ተሹለከለከች።

ስትደርስ ስክሪኑ ጨልሟል። እትዬ ወይንሀረግ የተነቀለውን ገመድ እንደያዙ ቆመዋል፤ ጋሽ ገረሱም መጥተው ተቀምጠዋል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነቀሉት?»

«ጠረጴዛውን ስገፋ ሰዓት መች አየሁ?»

መብራት ጠፋ ብላ ማለፍ ትችል ነበር። አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰዓት ተሳስቼ አዝዤ... የባለቤትዎ ድምፅ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።» እንባዋ ቀደማት።



«ቤቱን ተዪው» አሉ ሽማግሌው። «ድምጿን ብቻ ፈልጊልኝ።»

ሴና ገመዱን ሰካችው። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ስክሪኑ ቀስ ብሎ መብራት ጀመረ። ጋሽ ገረሱ ከወንበሩ ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ሰው እንደሚቀበል ስክሪኑ ፊት ቆሙ።