የግራው ክንፍ

«ይቺን ግን አልቻልኳትም» አለ ገናዡ በሹክሹክታ፣ የፊንታንን ቀኝ አውራ ጣት እያሳየ። «በሳሙናም በአልኮልም ሞከርኩ። ጥፍሩ ሥር ገብታ ደርቃለች።»

አትራክታ በባሏ የሬሳ ሣጥን ላይ ጎንበስ ብላ አየች። የማር መልክ ያላት፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል የሙጫ ጠብታ ናት።

«ተዋት» አለች። «ያለሷ አላውቀውም።»

ከኋላዋ የቆመው ማላኪ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ። አናጢ ነው፤ በሮስኮመን ገጠር እሱ የሠራው ወንበር ወይ ቁምሳጥን የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠ «እግዜር ያጽናህ» ሲለው፣ እሱ የሚያስበው ከግቢው ማዶ፣ የድሮው የላም ጋጣ ውስጥ ስለቆመው አውሮፕላን ነበር። ስለ አውሮፕላኑም አይደለም፤ ስለ ግራ ክንፉ።

ልቅሶ ደራሹ በዋናው በር እየገባ በጓሮው ይወጣል። የግድግዳውን ሰዓት፣ እንደ አገሩ የልቅሶ ልማድ፣ አትራክታ ራሷ አቁማዋለች። ወጥ ቤት ውስጥ ጎረቤታቸው ፊሎሚና፣ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት፣ የካም ሳንድዊች በሦስት ማዕዘን እየቆረጠች ትደረድራለች። ማላኪ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሊሞላ ሲገባ በቢላዋው ጠቆመችው።

«አንተ ማላኪ፣ ብላ እንጂ! ሬሳው እንኳ ካንተ የተሻለ መልክ አለው።»

«በልቻለሁ።»

«መቼ? ለፋሲካ?» ሳህኑን ገፋችለት። «ወንድምህ ወደ ሰማይ ሊወጣ ዘጠኝ ዓመት መሰላል ሠራ፤ መሰላሉ ሳያልቅ ጠሩት። እኔ እንኳን እዚሁ ቁጭ ብዬ የሚጠራኝ አጥቻለሁ።»

ፊንታን ሠላሳ ዓመት የወተት ቦቴ ነድቷል። ማክሰኞ ጧት መንገድ ላይ ሳለ ልቡ ቆመ። ቦቴውን ግን ጥግ አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የአደጋ ጊዜ መብራቱን አብርቶ ነው የሞተው። ግቢው ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሱት ወንዶች ይህንኑ ነበር እየደጋገሙ የሚያወሩት፤ ሥርዓት ያለው ሰው፣ ነገር በእንጥልጥል የማይተው። ማላኪ ሻይ እየቀዳላቸው ሰማ።

አውሮፕላኑ የተገዛ ዕለት አብረው ነበሩ። ጋዜጣ ላይ በሦስት መስመር ወጥቶ ያየው ፊንታን ነው፦ ግማሹ የተሠራ፣ ባለ ሁለት ሰው፣ የእንጨት አውሮፕላን፤ ሠሪው ሞቷል። ኮርክ ድረስ የፈረስ መጫኛ ተጎታች አስከትለው ሄዱ። የሟቹ ሚስት በሩን ከፍታ፣ «አሥራ አንድ ዓመት መመገቢያ ክፍሌ ውስጥ ተጋድሟል፤ የምፈልገው የምበላበትን ጠረጴዛ ነው» አለቻቸው። ፊንታን የነበረው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዩሮ ብቻ ነበር። እሱንም ገና ሳይሰጣት፣ ሟቹ ያጣበቃቸውን የእንጨት ጎድኖች አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ጥሩ እጅ ነበረው» ሲላት ሴትዮዋ አለቀሰች።

ሲመለሱ ከተጎታቹ ኋላ ጭራው ወጥቶ፣ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ነበር። ፖሊስ አስቆማቸው።

«የጫናችሁት ምንድነው?»

«አውሮፕላን» አለ ፊንታን።

«ሙሉውን?»

«ግማሹን።»

«ቀሪውስ?»

«እሱን አሁን ገና ልናስብበት ነው።»

ፖሊሱ በሳቅ ብዛት መንጃ ፈቃዱን ሳያይ ለቀቃቸው። ፊንታን በዚያው ሳምንት ሲጋራ አቆመ፤ የሲጋራው ገንዘብ ነው አውሮፕላኑን ያሠራው። ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስዋገን የወጣ ነው። የመቀመጫውን ልባስ አትራክታ ከድሮ መጋረጃ ሰፋችው። የፍጥነት መለኪያው የመጣው ክንፉ ከተሰበረ የሌላ ሰው አውሮፕላን ነው፤ ለዚያ ፊንታን አንድ ክረምት ሙሉ ለሰውየው አጥር አጠረ። ለምን እንደሚደክም ሲጠይቁት፣ «ያን ሁሉ ዓመት የዞርኩትን መንገድ አንድ ቀን ከላይ ባየው ብዬ ነው» ነበር መልሱ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዴክላን መጣ። ከሎንግፎርድ የመጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እሱም በቤቱ አውሮፕላን የሚሠራ፣ ከፊንታን ጋር ቁራጭ እንጨትና ምክር የሚለዋወጥ ሰው። ሬሳው አጠገብ ቆሞ ጸለየ፤ ሲጨርስ አትራክታ እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ቀጥላ ማላኪን ጠራችው።

«ፊንታን አንድ ነገር ከሆንኩ ለዴክላን ስጪው ብሎኝ ነበር» አለች። «እሱም ከልጁ ጋር ሊበርበት ነው። የተዘጋውን ክንፍ ውስጡን ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማላኪ ነበረ አልኩት።»

«ሲዘጋ አልነበርኩም።»

«ሲጣበቅ ግን ነበርክ።»

ዴክላን ሻዩን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ለወግ ያህል ነው የምጠይቅዎት» አለ። «የፊንታንን ሥራ አውቀዋለሁ። ልጄ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ይኼን ካልጠየቅኩ ቤት አታስገባኝም።»

ማላኪ አፉን ከፈተ፤ ያኔ ግን ፊሎሚና ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው እያለች ከውስጥ ጮኸችና እሱን ሰበብ አድርጎ ገባ። ውሃው እስኪፈላ ምድጃው ፊት ቆሞ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን ሁሉ እንደገና አየው።

ኦክቶበር ነበር። ፊንታን የተደረበበት የቦቴ ሥራ ነበረበት፤ በግራው ክንፍ ሥር፣ ክንፉን በሚሸከመው ዋና አግዳሚ ላይ የሚለጠፈውን ማጠናከሪያ እንጨት ማላኪ እንዲያጣብቀው ሰጠው። ጋጣው በር ላይ ቆሞ፣ የቦቴውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ነገረው።

«ይኼ ወንበር አይደለም። ይኼ ሙጫ መሀል መቀመጥ ይፈልጋል። እንደ ልማድህ ሞርሳውን ጥርቅም ካደረግከው ተጨምቆ ያልቅና እንጨቱ ደረቁን ይቀራል። አጥብቀህ ስትጨርስ ግማሽ ዙር መልስ።»

«አርባ ዓመት ሞርሳ ሳጠብቅ የተላቀቀብኝ ወንበር የለም።»

«ወንበር ሲላቀቅ ሰውየው የሚመታው ቂጡን ነው» ብሎ ስቆ ሄደ።

ማላኪ ሁለቱን እንጨቶች አጣብቆ የሚይዘውን ሞርሳ እንደ ልማዱ ጥርቅም አደረገው። ከዚያው ሙጫ ሁለት ትንንሽ እንጨት ለናሙና አጣብቆ ቀኑን ጻፈበት፤ ይህ የእነሱ ደንብ ነው። በማግስቱ ናሙናው ይሰበራል። እንጨቱ ከተቀደደ ሙጫው ደህና ነው፤ ሁለቱ ቁራጮች በመጋጠሚያቸው ከተላቀቁ ያን ዕለት የተጣበቀው ሁሉ ይፈርሳል። በማግስቱ ከፊንታን ቀድሞ መጣና ሰበረው። ናሙናው እንደ ብስኩት፣ ልሙጡን፣ በመጋጠሚያው ተከፈተ።

ያን ጊዜ ቢናገር አንድ ቀን ሥራ ነበር፣ ትንሽ መሳቂያ መሆን ነበር። እሱ ግን ቁራጩን የጋጣው ምድጃ ውስጥ ወረወረው። ሌላ ናሙና ሠራ፤ በዝግታ፣ ግማሽ ዙር መልሶ፣ የትናንቱን ቀን ጻፈበት። ሲደርቅ ፊንታን ያንን ሰበረው፤ እንጨቱ ተቀደደ። «ጎበዝ» አለውና ናሙና የሚያጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ማላኪ ጋጣው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ቅዳሜ ትመጣለህ ሲባል ሥራ በዛብኝ ይላል። በቤተ ክርስቲያን፣ በኳስ ሜዳ ይገናኙ ነበር። እያደር ፊንታን መጠየቁን ተወ።

ማንቆርቆሪያው ፈላ። ማላኪ ለፊሎሚና ሰጣትና ተመልሶ ወጣ። ሁለቱ ያንኑ ቦታ ቆመዋል።

«በዚያ ክንፍ ማንም እንዳይበር» አለ።

አትራክታ ቀና አለች። ማላኪ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሁሉንም ነገራት፤ ሞርሳውን፣ ናሙናውን፣ ምድጃውን፣ የጻፈውን ቀን።

«እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ የበዛብህ ለዚህ ነው?» አለች አትራክታ።

«ለዚህ ነው።»

«እሱ ቢበርበትስ ኖሮ?»

«ከመብረሩ በፊት እነግረዋለሁ እያልኩ ነበር። በየሳምንቱ እንዲያ እላለሁ። ክንፉን ዘጋው፤ ቀለም ሳይቀባ እነግረዋለሁ አልኩ። ይኸው ሳልነግረው።»

አትራክታ የምትመታው መስሎት ነበር። እሷ ግን የወጥ ቤት ሽርጧን ፈትታ አጥር ላይ አንጠለጠለችው።

«መሮህ መኪናህ ላይ ነው?»

«ነው።»

«አምጣው። ከመቀበሩ በፊት ማየት እፈልጋለሁ።»

ጋጣው ውስጥ ክንፉ በሁለት የእንጨት መቆሚያ ላይ ተጋድሟል፤ ቀለም አልነካውም፤ በስስ ጣውላ ተሸፍኖ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። ማላኪ ከሥሩ ሁለት ስንዝር ለካ። ቦታውን ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል። በመሮና በቀጭን መጋዝ መዳፍ የሚያህል መስኮት አወጣ፤ ሲቆርጥ ዴክላን ጣውላውን ደግፎ ያዘለት። ከዚያ በስልኩ አበራለት።

ማላኪ ዓይኑን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ።

«ምን አለ?» አለች አትራክታ።

እሱ ያጣበቀው እንጨት መሀሉ ላይ ቡናማ መስመር ነበረበት። ይኼኛው ግን የለበትም። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሌላ እንጨት ነው። ዙሪያውን ሙጫው በልኩ ወጥቶ፣ የማር ጠብታ መስሎ፣ አንድ ቦታ ሳይቋረጥ ደርቋል። አግዳሚው ላይ አሮጌው እንጨት በመሮ የተላጠበት ምልክት ይታያል። ከዚያ በታች በእርሳስ ተጽፏል፤ የወንድሙ እጅ ነው፦

*ኖቬምበር 9። ፊ. እና ማ.*

ራሱን አነሣና ለአትራክታ ቦታ ለቀቀላት። አየችው። ከዚያ ከመደርደሪያው የብስኩቱን ቆርቆሮ አወረደች፤ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ናሙና ነው፤ ሁሉም ቀን ተጽፎበታል። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከሥሩ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ስትፈታው ግማሹ ከሰል የሆነ ቁራጭ እንጨት ነበር፤ አንዱ ፊቱ ልሙጥ፣ ደረቅ። ያልተቃጠለው ጫፍ ላይ በማላኪ እጅ የተጻፈው ቀን «ኦክቶበር 2» ድረስ ይነበባል፤ ቀሪው አመድ ሆኗል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የጋጣውን ምድጃ የሚጠርገው እሱ ነበር» አለች አትራክታ በቀስታ። «ያን ሰሞን አቧራ ለብሶ እየገባ ነበር፤ አስታውሳለሁ። ምን ስትሠራ ነው ስለው፣ ትንሽ ነገር ላቃና ነው አለኝ።» ቁራጩን እንደገና ጠቀለለችው። «ስላንተም ስጠይቀው፣ ይመጣል፣ አታጣድፊው ይለኝ ነበር። እኔ ስለ ሥራህ የሚያወራ መስሎኝ።»

«ይኼን ክንፍ እወስደዋለሁ» አለ ዴክላን። «ቀዳዳውን ግን እርስዎ ነዎት የሚደፍኑት።»

ማላኪ ግቢውን አቋርጦ፣ በልቅሶ ደራሹ መሀል አልፎ ሳሎን ገባ። በሬሳው አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች መልኩን አይተው ተነሥተው ወጡለት። ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለ።

«አንተ ሌባ» አለው፤ ድምፁ እያነሰ። «አንተ ሌባ።»

ሙጫዋ ያለችበትን ጣት ያዘ። ከበሩ ውጭ ፊሎሚና ለሰው ሁሉ፣ «አሁን አትግቡ፤ ወንድማማቾቹ እየተጨቃጨቁ ነው» ስትል ተሰማ።

በሦስተኛው ቀን ቀበሩት። ማላኪ ሣጥኑን ከፊት በግራ በኩል ተሸከመ። ከቀብር የተመለሰው ሰው ቤት ሞልቶ ሾርባ ሲጠጣ፣ እሱ ኮቱን አውልቆ ጋጣ ውስጥ ነበር፤ የጥቁር ክራቫቱን ጫፍ በሸሚዙ ቁልፎች መሀል ሸጉጦታል። የቆረጠውን መስኮት የሚደፍን ጣውላ ጫፉን በስሱ ላገ። ሙጫውን በወንድሙ ሚዛን መዝኖ ለወሰ። ከሁለቱም ወገን ቀባ፤ አልቸኮለም። ጣውላውን ከውስጥ በኩል ካስገባው መደገፊያ እንጨት ጋር አገጣጠመና ሞርሳ አሰረበት። ከዚያው ሙጫ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ አጣብቆ ለነገ አስቀመጠ፤ ቀኑን ጻፈበት፤ ከቀኑ ሥር *ፊ. እና ማ.* ብሎ ጨመረ።

ወደ ክንፉ ተመልሶ ሞርሳውን አጠበቀ። እጁ የሚያውቀው ያንን ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ክንዱ ሙሉ ኃይሉን እስኪሰጥ። እጀታውን እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በሁለት ጣቱ ብቻ፣ በጣም ቀስ አድርጎ፣ ግማሽ ዙር መለሰ።