አንድም ወንበር ሳይነካ

እህቴ መሐንዲስ ናት፤ እማዬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሃል ተቀምጬ እራት የምበላ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ይሄን ወሬ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የእህቴ የመጀመሪያ ሥራ የሰፈራችን መንገድ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን አራት መስመር ወደ ሁለት ቀንሳ፣ የቀሩትንም አጥብባ፣ የተረፈውን ለእግረኛ ልትሰጥ። እዚያ ጋ መኪና እንደ ጥይት ነው የሚያልፈው፤ አምና የጎረቤታችን ልጅ ተገጭታ እግሯ ተሰብሯል። ሰፈሩ ተሰብስቦ እሺ ካለ ይሠራል፣ እምቢ ካለ በቃ፣ እንደነበረው ይቀጥላል።

ታዲያ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ ተነስታ የተቃወመችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እማዬ!

"አውቶቡስ አያሳልፍም!" አለች። "ወረቀት ላይ ያምራል። መሪ የሚይዘው ግን ወረቀት አይደለም።"

"ስፋቱ ይበቃል እማዬ፣ ለክቼዋለሁ።"

"እኔ ደግሞ ነድቼዋለሁ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እህቴ ፊቷ ቀላ፣ ግን አልተቀመጠችም። "እሺ፣ እንሞክረዋ!"

የተቀመጥንበትን ወንበር ተሸክመን ወጣን። እህቴ ሜትሯን ዘርግታ የአንዱን አዲስ መስመር ስፋት ግራና ቀኝ በወንበር አጠረችው። እማዬ ደጅ የቆመውን አውቶቡሷን አስነሳች። መኪና ማቆሚያ ላጣ ነው ብሎ ሲንጨረጨር የነበረው ባለ ሱቅ በመስኮቷ ጠጋ አለና፣ "እትዬ፣ አንዷን ወንበር ብቻ ነካ ያድርጓት፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል" አላት።

እማዬ ገላመጠችው። "እኔ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ወንበር ገጨች ልባል? ዞር በል!"

አለፈችላችሁ! አንድም ወንበር አልተነቃነቀም። ጭብጨባው ቀለጠ።

እህቴ ግን፣ "አይቆጠርም!" ብላ ጮኸች።

ሁላችንም ደነገጥን። አሸንፋ የለ እንዴ?

"እማዬማ የትም ብትገባ ታልፋለች" አለች። "መንገድ ለጎበዝ ሹፌር ብቻ አይሠራም። ቧጨሬ ይንዳው።"

ቧጨሬ እዚያው የነበረ የእማዬ ባልደረባ ነው፤ ከግንብ ጋር ሳይተሻሽ ውሎ ስለማይገባ ነው ስሙ የወጣለት። "ኧረ ተዪኝ እህቴ፣ አታዋርጂኝ!" እያለ ገባ።

ምላሱን ነክሶ፣ ግራ ቀኝ እያየ፣ ቀስ... ቀስ... መጨረሻው ወንበር ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አለፈ!

"በዚህ አካሄድ መቼ ሊደረስ ነው?" አለ ባለ ሱቁ። "ሕፃን ልጅ በእግሩ ይቀድመዋል እኮ!"

"እሱን ነው የፈለግኩት" አለች እህቴ። "ሲጠበው ቀስ ይላል። ሕፃኑ ይቅደመው!"

እማዬ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆና እጇን አወጣች፤ አሁንም ከሁሉ ቀድማ። "እኔ ደግፌያለሁ።"

መንገዱ ተሠራ። ትናንት በእማዬ አውቶቡስ ስሄድ አንድ ተሳፋሪ፣ "ይሄን መንገድ ያጠበበው ማነው ባካችሁ?" ብሎ አማረረ።

እማዬ በመስታወቷ አየችው። "የኔ ልጅ ናት!" አለች፣ የኋላ ወንበር ድረስ እስኪሰማ። ከዚያ ፍሬን ይዛ፣ ምንም ሳትቸኩል ተማሪዎቹን አሳለፈች።