ቦሰና የማትረግጣቸው ፊደሎች

ሰኞ ማክሰኞን ትምህርት ያደረጉት ቲቸር የሺሀረግ ናቸው፤ እኔን አትጠይቁኝ። ክፍላችን ትምህርት ዘግይተን የጀመርን ልጆች የታጨቅንበት ነው። እኔ ራሴ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ገና ሦስተኛ ክፍል። ቲቸር «ማን ያንብብ?» ሲሉ ሁላችንም ዴስክ ሥር የወደቀ እርሳስ መፈለግ እንጀምራለን። አንድ ቀን በቃ መረራቸው። ጠመኔ ይዘው ወጡና ግቢው ሲሚንቶ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሠሩ፣ በየሳጥኑም ፊደል ጻፉበት። በአንድ እግር ትገቢያለሽ፣ ፊደሉን ትጠሪያለሽ፣ በሱ የሚጀምር ቃል ትናገሪያለሽ፣ ታልፊያለሽ።

ሕጉ ያው የሰፈር ነው። ዙሩን የጨረሰ ቤት ይይዛል። የሰው ቤት የረገጠ ሞተ፤ ዘሎ ነው የሚያልፈው። እኔ ደግሞ ሸጎሌ ያደግኩት በአንድ እግሬ ነው ማለት ይቻላል። በሁለት ሳምንት አሥራ አንድ ቤት ያዝኩ። «መ» የኔ፣ «ሰ» የኔ፣ «ለ» የኔ፣ «በ» የኔ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እንኳን ሲመጡ «የኔ ነው! ማንም እንዳይነካው!» እላለሁ። ቲቸር ይስቃሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ ሌላው ዝም ይላል።

ቦሰና የምትመጣው ከቁስቋም በላይ ነው። ቤታቸው የሚወራው ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛዋ ገና ነው። አንድ ጊዜ ተረከዟ «ሰ» ላይ አረፈና «ሞተሻል! ውጪ!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ በቤቶቼ ስታልፍ ትንፋሿን ሁሉ ትይዛለች።

ባለፈው ሐሙስ ምክትል ዳይሬክተሩ አቶ አጥናፉ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ይቺን ያላነበበ አንደኛ ክፍል ይወርዳል» አሉ።

አንደኛ ክፍል ማለት ንፍጣቸውን ያልጠረጉ ሕፃናት ማለት ነው። ቦሰና ከወረደች አባቷ ጭራሽ ከትምህርት እንደሚያስቀሯት ሁላችንም እናውቃለን።

ተራዋ ደረሰ። «ወተት» አለች። «ጎጆ» አለች። ጎበዝ! ቀጣዩ «ሰላም» ነበር። ጣቷ ቃሉን ዘሎ «በቆሎ» ላይ አረፈ። እሱንም ዘለለው። «መንገድ»ንም ዘለለው። አቶ አጥናፉ እስኪሪብቷቸውን አወጡ።

«ቦሰናዬ፣ አታውቂውም?» አሉ ቲቸር።

ወደኔ አየች። «የሷ ነው።»

«ምኑ?»

«ፊደሉ። የሰናይት ቤት ነው። ከነካሁት እሞታለሁ።»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ?» አልኳት። «ወረቀት ላይ ማን ይሞታል?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ማንም እንዳይነካው ያልሽው?»

ብያለሁ። መቶ ጊዜ ብያለሁ፤ ግን ሰው እንዲህ ቃል በቃል ይሰማል?

አቶ አጥናፉ ቲቸርን ገላመጧቸው። «ይኸው! በጨዋታ ማስተማር ማለት ይሄ ነው እንግዲህ» ብለው ወረቀቱን ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። ቲቸር ፊታቸው ቀላ።

«ቆይ ጋሼ፣ እ... ማለቴ መምህር፣ አንዴ ይታገሱ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ቦሰና፣ ለቅቄያለሁ። በቃ ግቢበት!»

«‹ሰ›ንም?»

«‹ሰ›ንም!»

«‹መ›ንስ?»

«ኧረ በማርያም! አሥራ አንዱንም! አንብቢ እንጂ!»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ሰ... ላም» አለችና ቆም ብላ አየችኝ። አልጮህኩም። «በቆሎ። መን... ገድ።» እንዲህ እያለች እስከ ታች ወረደች። ለካ ሰኞ ማክሰኞው ላይ ተራዋን ስትጠብቅ እኔ የጮህኩትን ሁሉ በጆሮዋ ስትለቅም ነው የከረመችው። የሳተችው ሁለት ቃል ብቻ ነው። እኔ ስንት እንደሳትኩ እዚህ አልጽፍም።

አቶ አጥናፉ ስም ዝርዝራቸው ላይ ምልክት አደረጉ። «ትቆይ» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

እኔማ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ቦሰና ደብተሯን ሰብስባ መጥታ አጠገቤ ዘጭ አለች፣ ገፍታኝ።

«ሰናይት፣ ያቺ የሳትኳት ምን ነበረች?»

ነገርኳት።

«ሁለተኛዋስ?»

እሷንም ነገርኳት።

«እሺ፣ ይቺስ?»

«ቦሰና፣ እረፍት ተደውሏል እኮ!»

«ይቺን ብቻ» አለች፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ።