ድልድዩን ያየው ሰው

መነጽር ሰሪው ታናሽ ወንድሙን አይጠላም። ይወደዋል፤ ግን ቅናት ከመውደድ ጋር አንድ ቤት ሲያድር አይጣላም፣ እንዲያውም ትራስ ይጋራል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ወንድሙ፣ ኮሎኔሉ፣ በምርጫ ፖስተር በየግድግዳው ተለጥፎ ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት፣ መብራት ምሰሶው ላይ፣ ኮሎኔሉ የደንብ ልብሱን አውልቆ በሱፍና በከረባት ፈገግ ብሏል። ከሥሩ «ድልድዩን የጣለ አገር ያሻግራል» ይላል። ማን እንደጻፈው እንጃ፤ ድልድይ የጣለ ሰው በምን እንደሚያሻግር የጠየቀ ግን አልነበረም።

«ወንድምህ አይደል እንዴ?» ይለዋል መነጽር ሊለካ የመጣ ደንበኛ ሁሉ።

«ነው» ይላል መነጽር ሰሪው፣ የመነጽሩን ብሎን ከሚገባው በላይ እያጠበቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ታናሽየው የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ ታላቅየው ደግሞ የእሱ ዐይን። መድፍ ከኮረብታ ጀርባ ተደብቆ ስለሚተኩስ አስተኳሹ ዒላማውን አያይም። የሚያየው ከፊት፣ ጠላት አፍንጫ ሥር በሆዱ ተኝቶ፣ በሬዲዮ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ጨምር» እያለ ተኩሱን የሚያርመው ሰው ነው። ድልድዩ ሲወድቅ ያየው ታላቅየው ነው፤ ታናሽየው የሰማው ድምፁን ብቻ ነው። ኒሻኑ ማን ደረት ላይ እንዳረፈ ግን አይጠየቅም። ኒሻኑ ማዕረግ አመጣ፣ ማዕረጉ ዝና፣ ዝናው ደግሞ ለምርጫ አስወዳደረ።

ይሄን ሁሉ ችሎት ነበር። ያልቻለው ኮሎኔሉ በየመድረኩ «በእነዚህ ዐይኖቼ ድልድዩ ሲንበረከክ አየሁ» ማለት መጀመሩን ነው። «ተንበረከከ» ብሎ ያን ቀን በሬዲዮ የተናገረው ራሱ ታላቅየው ነው፤ ወንድሙ ቃሉን እንኳ አልተወለትም። እናታቸውም ይህንኑ እውነት ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቶ፣ ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ።

የኮሎኔሉ የምርጫ ስብሰባ ዕለት መነጽር ሰሪው ከረባቱን ሲያስር ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ልትል ነው የምትሄደው?»

«ጥያቄ አለኝ። ያን ቀን ድልድዩን ማን አየው የሚል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።»

«የሱ ወንበር ሲሰበር ያንተ ይረዝማል?»

ኮቱን ደርቦ ወጣ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ የራሱ ቢረዝም ባይረዝም ግድ አልነበረውም፤ የወንድሙ ይሰበርለት እንጂ።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኮሎኔሉ ስለ መንገድ አወራ፣ ስለ ውሃ አወራ፣ ዞሮ ዞሮ ድልድዩ ላይ ደረሰ። «በእነዚህ ዐይኖቼ» ሲል መነጽር ሰሪው እጁን አወጣ። የመድረክ መሪው ግን ቅድሚያውን ጥቁር ለለበሰች ሴት ሰጣት።

«እኔ ከወንዙ ማዶ ነኝ» አለች ድምጿን ሳታነሳ። «ድልድዩን ካዩ፣ ከዚያ በፊት የተተኮሰውንም አይተውታል ማለት ነው። ወፍጮ ቤታችን ላይ ያረፈውን። እናቴ እዚያ ውስጥ ነበረች። በስህተት ነው ወይስ ሆን ብላችሁ?»

ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ የመነጽር ሰሪው እጅ አየር ላይ ቀረ። ወፍጮ ቤቱ የእሱ ጥፋት ነበር። ያን ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ ጣሪያውን የጠላት መጋዘን መስሎት «እዚያ ላይ ተኩሱ» ያለው እሱ ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ ዱቄት የለበሱ ሰዎች እየተጎተቱ ሲወጡ ያየውም እሱ ነው። ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም። የሚያውቀው ወንድሙ ብቻ ነው።

ኮሎኔሉ ሰዉን በዐይኑ ሲቃኝ ቆይቶ የተሰቀለችውን እጅ አገኛት። ወንድማማቾቹ ተያዩ። አለቀልኝ አለ ታላቅየው በልቡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ኮሎኔሉ። «ያየሁትም የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሰላም እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»

ከመድረኩ ወርዶ ሴትየዋ ፊት ጎንበስ አለና እጇን ያዘ። እሷም አለቀሰች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከመነጽር ሰሪው ጎን የተቀመጡ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ «ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ድምፄን ለሱ ነው የምሰጠው» አሉ።

እፎይ ማለት ይገባው ነበር። እፎይታውም መጣ፣ ግን ቅናቱ ቀድሞት ገብቷል። እንቅልፍ ያጣው ማን ሆነና? ታናሽየው እንደሆነ መድፍ ሲያጓራ እንኳ የሚያንኮራፋ ሰው ነው። የእንዲህ ያለችን ሐዘንተኛ እጅ መያዝ ታላቅየው ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሲመኘውና ሲፈራው የኖረ ነገር ነበር፤ ወንድሙ መጥቶ በአንድ አፍታ ወሰደው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉትም ውሸታቸውን ነው። ያ ሐዘን ኮሎኔሉ ላይ ደምቆ ነበር።

በጓሮ በር ሲወጣ ኮሎኔሉ መኪናው አጠገብ ጠበቀው፤ ትከሻውንም አቀፈው።

«አይዞህ ጋሼ። ማንም አያውቅም። እኔ ተሸክሜልሃለሁ።»

«ሴትየዋ ዘንድ ሄጄ እኔ ነኝ ልላት ነው።»

«አሁን?»

«አሁን። ድልድዩ ላንተ ይሁን፣ ምንም አልልህም። ወፍጮ ቤቱን ግን መልስልኝ።»

ኮሎኔሉ ግራ ቀኙን ተመለከተ፤ የታላቁንም ከረባት እንደ መልካም ወንድም አስተካከለለት።

«እመልስልሃለሁ ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከምርጫው በኋላ።»