የነነዌ ሰኞ ፈንዲሻ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም በረዶ ይዞ መጣ። ከሐይቅ ዳር፣ ቁንዝላ ላይ የቆመ እህል አልቀረም። የሐይቁ ውኃ ደፈረሰ፤ መረብ ባዶውን ወጣ። የዓሣ አጥማጁ የገድሉ ታንኳ ከድንጋይ ተላትማ ተሰነጠቀች። ሚስቱ ሥርጉት ማህሌትን ወልዳ አልጋ ላይ ነበረች። ጡቷ ደረቀ። ቤት ውስጥ የሚቀመስ ጠፋ።

ጎረቤታቸው እናትዓለም ይህን ሰምታ መጣች። ከምድጃዋ በላይ ጢስ እንዲጠብቀው ለዘር ሰቅላው የነበረውን የፈንዲሻ በቆሎ አውርዳ ፈለፈለችው። በቀራት ቅቤ፣ በሸክላ ድስት አፈነዳችና አራሷን አበላች፤ ትልልቆቹን ልጆችም አበላች። ዘሩ እስኪያልቅ እየተመላለሰች እንዲሁ አደረገች። ገድሉ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ከለከለችው።

«ተው። ቀን ሲወጣልህ አንተው ራስህ አፈንድተህ ታበላኛለህ» አለችው።

ሥርጉት ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። በዚያ አገር ወንድ ድስት አይጥድም ነበር። ገድሉ ግን አልሳቀም። «እሺ» አለ።

ቀን ወጣለት። በማግሥቱ ዓመት እህል ተሸክሞ ቢሄድ እናትዓለም ተቀበለችውና ይህ ሌላ ነው፣ እኔ የጠየቅሁህ ፈንዲሻ ነው አለችው። ገድሉ ዛሬ ነገ ሲል፣ ሰው ምን ይለኛል ሲል ዘመኑ ሄደ። እናትዓለም ባሏ ሲሞት መነኮሰችና በሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት ወደ አንዱ ገባች። ሥርጉትም አረፈች። ገድሉ አርጅቶ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ በኮሌጅ ቢሮ ከምትሠራው ከማህሌት ዘንድ ተጠጋ።

ጥር ሲያልቅ እማሆይ እናትዓለም ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው ዘመዳቸው ሩሐማ ቤት እንዳረፉ ሰማ። ሊጠይቃቸው ሄደ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥርሳቸው ከጥቂቱ በቀር የለም። ድምፁን ሲሰሙ ግን ወዲያው ለዩት።

«ፈንዲሻዬስ?» አሉት።

ገድሉ አንገቱን ደፋ። ጀልባቸው ወደ ገዳም የሚመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነበር። ዋዜማውን ሰኞ እንዲመጡለት ለመነ። ሰኞን የመረጠው አስቦበት ነው፤ ረቡዕም ዓርብም አይደለም፣ ቅቤ ይበላበታል።

ማታ ማህሌትን ድስት የት እንዳለ ሲጠይቃት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። እናቴ ይህን ብታይ ከመቃብር ተነሥታ ትስቅ ነበር አለችው። ያለውን ሁሉ አወጣችለት። አንድ ብቻ ከለከለችው፦ መደርደሪያው ላይ ያለውን የጾም ድስቷን እንዳይነካ፣ ቅቤ እንዳያገኘው።

ሳምንቱን ሲያፈነዳ ሰነበተ። ጥርስ ለሌለው ሰው ነውና ጥሬ ሊቀርበት አይገባም፤ ጠንካራም ሊሆን አይገባም። ማህሌት የገዛችው፣ በኤሌክትሪክ ትኩስ አየር እየነፋ የሚያፈነዳው ማሽን ቶሎ አደረሰለት፤ ግን እንደ ወረቀት ደረቀ፣ ጨውም አልያዘም። በሱቁ የሚረጋ ዘይት ያፈነዳው ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ስሱ የአሉሚኒየም ድስት ቶሎ ይግላል፤ ካልነቁበት ሥሩን ያሳርራል። ለጋው ቅቤ አረፋ ደፍቆ ጠቆረ፤ የነጠረው ግን ያዘለት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋው እንፋሎቱ ፈንዲሻውን እንደ ቆዳ አደረገው፤ ገርበብ ሲያደርገው ለሰለሰ። የተበላሸውን ማህሌት ወደ ቢሮ ወሰደችው። ባልደረቦቿ ለምደውት ሽማግሌው ዛሬስ ምን አሳረሩ ይሉ ጀመር።

በመጨረሻ እንደ ያን ጊዜው ወደ ሸክላ ድስት ተመለሰ። ውስጡ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በቅቤ እያሸ አሰነበተው። እሑድ ማህሌት እንፍራንዝ ሠርግ ሄዳ ነበር። የቅዳሴ ደወል ሲሰማ ገድሉ ጋቢውን አነሣ፤ ድስቱ ግን ግሏል። እግዜር ይቅር ይበለኝ ብሎ ተመልሶ ክዳኑን ያዘ። የዚያን ዕለቱ ፈንዲሻ እንደሚፈልገው ሆነ፤ ምላስ ላይ የሚሟሽሽ።

ሰኞ ማህሌት በማለዳ ሥራ ገባች። ገድሉ ቅቤውን አዘጋጅቶ ጠበቀ። እኩለ ቀን አለፈ። እማሆይ የመጡት ቀኑ ወደ ማታ ሲያዘነብል፣ ሩሐማ እጃቸውን ይዛ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ገድሉ፣ ይህ ቅቤ ነው?»

«ነው እማሆይ። ያን ጊዜ በቅቤ ነበር ያበሉን።»

«ነነዌ ዛሬ ገባ እኮ። ከቅዳሴ መምጣቴ ነው።»

ሩሐማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ገድሉ እጁን ከድስቱ ላይ አነሣ። የነነዌ ጾም ቀኑ በየዓመቱ ይዞራል፤ የሚነገረው በቤተ ክርስቲያን ነው።

«ትናንት አልሄድሁም። ድስት ስጠብቅ ቀረሁ» አለ።

የእማሆይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው። «ጠላ ከቅዳሴ ያስቀረው ሰው አውቃለሁ። ፈንዲሻ ያስቀረው ግን አንተን አየሁ።»

ገድሉ አልሳቀም። ጀልባው ነገ ነው። በእሳቸው ዕድሜ፣ በእሱም ዕድሜ፣ ሌላ ጊዜ የሚባል የለም። ሸክላው ታጥቦ አይጠራም፤ የጠጣውን ቅቤ አይተፋም። ወደ ጓሮ አወጣው። እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበና የማህሌትን የጾም ድስት አወረደ። ስስ አሉሚኒየም ነው። አጠገቡ የኑግ ዘይት ነበር። በኑግ ሞክሮ አያውቅም።

ጥቂት ፍሬ ጥሎ ጠበቀ። ሲፈነዱ ድስቱን ከእሳት አወረደ፤ የቀረውን ጨምሮ እስኪሞቅ ታገሠ፤ መልሶ ጣደ። ከዚያ እጁ ዕረፍት አላገኘም። ማዕበል ላይ እንዳለ ታንኳ ያወዛውዘዋል፣ ሲግል ያነሣዋል፣ ክዳኑን ገርበብ ያደርጋል። ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ጩኸቱ ሲሳሳ አወጣው። አላረረም። ቤቱ የተቆላ ኑግ ሸተተ።

ጨው ነስንሶ በሰፌድ አቀረበ። ያልፈነዳውን ጥሬ በጣቱ እየለቀመ አወጣ። እማሆይ ባርከው አንድ አነሡ። ምላሳቸው ላይ አቆዩት። ሌላ አነሡ። ገድሉ እንደቆመ ነው።

«አይጎረብጥም» አሉ። ቀጥሎም እፍኝ አነሡ። «ያን ጊዜ ለልጆቹ እንዳያንስ ብዬ እኔ አልቀመስሁትም ነበር። ጣዕሙን አሁን ገና አወቅሁት።»

ገድሉ ሰፌዱን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«በል ተቀመጥ እንግዲህ» አሉት እማሆይ፣ ሰፌዱን ወደ እሱ ገፋ እያደረጉ። «ዕዳህ ወርዷል። አብረኸኝ ብላ።»

ተቀመጠ።