የተጣሉት ጫፎች

ኤልደንን ስትሮክ የመታው በየካቲት፣ ማገዶ ሲፈልጥ ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ ዝሎ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ የቀሩለት ቃላትም ከአርባ አይበልጡም። ሐኪሙ ለሚስቱ ለሮዳ ሌላም ነገር ነግሯታል። ዓይኑ ደህና ቢሆንም አንጎሉ በቀኝ በኩል ያለውን ነገር አይቀበልም። እውነትም ሳህኑ ላይ ካለው ምግብ የግራውን ግማሽ በልቶ ጨረስኩ ይላል፤ ሳህኑን ስታዞርለት የቀረውን እንደ አዲስ ያየዋል።

ሁለቱ በሀምቦልት ኮረብታዎች ላይ አርባ ዓመት ኖረዋል። ሄሊኮፕተር አናታቸው ላይ ሲያንዣብብ ካናቢሳቸውን በዛፍ ጥላ ሥር የደበቁበት ዘመን አልፎ ሕጉ ለአንድ ቤት ስድስት ተክል ፈቅዷል። ስድስት ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ እንደ ዛፍ መንሰራፋት አለበት፤ ብልሃቱ ደግሞ ያለው አቆራረጡ ላይ ነው። ችግኙ አምስት ስድስት አንጓ ሲያወጣ ጫፉ ይቀነጠባል። ሽቅብ መሄድ ብቻ የሚያውቀው ተክል ጫፉን ሲያጣ፣ ከቁራጩ በታች ካሉት ሁለት ቅጠሎች ብብት ሁለት ግንድ ይሰዳል። እነሱም ሲጠኑ ይቀነጠባሉ፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ሮዳ ውሃ ታጠጣለች፣ አዝመራውን ታደርቃለች፤ ምላጩን ግን አንድ ቀን ይዛ አታውቅም። መቁረጥ የኤልደን ሥራ ነበር።

የዚያን ዓመት ዘር ፔርል የምትባል ጎረቤታቸው ከመሞቷ በፊት በወረቀት ጠቅልላ የሰጠቻቸው ነው። ከሞተች ሠላሳ ዓመት ቢያልፋትም ዝርያውን በስሟ እየጠሩ ዘሩን በየጊዜው እያደሱ አቆይተውታል። ባለፉት ዓመታት ግን ሰደድ እሳቱና ጭሱ አላፈናፍን ብሏቸው አዲስ ዘር ሳይሰበስቡ ቀሩ። የነበረው ሁሉ እያረጀ ስለሆነ ሮዳ በሚያዝያ ጠርሙሱን ገልብጣ አንድ ሳታስቀር ዘራችው። ስድስት በቀለ። ኤልደን ስድስቱን ሲያይ በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ።

ግንቦት ሲጋመስ ችግኞቹ ለመቆረጥ ደረሱ። ሮዳ፣ ከቁልቁለቱ በታች የምትኖረው በርኒስ መጥታ ትቁረጥልን ብትለው ኤልደን በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ። «እኔ» አለ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩበትም።

አንድ ጠዋት ሮዳ እንቁላል ልትወስድ ወደ በርኒስ ወረደች። በርኒስ ባሏን ከቀበረች በኋላ ከዶሮዎቿ ጋር የምትኖር ሴት ስለሆነች እንግዳ ስታገኝ ቶሎ አትለቅም። ሮዳ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትመለስ ኤልደን በማሰሮ ከተደረደሩት ችግኞች ፊት በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ምላጩ ግራ እጁ ውስጥ ነው።

አራቱ ችግኞች ከአፈሩ በላይ በጣት ስፋት ተቆርጠው ወድቀዋል። ጉቷቸው ላይ አንድም ቅጠል፣ አንድም አንጓ አልቀረም። የአምስተኛው ግንድ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቋል። በግራ ጫፍ የነበረው ስድስተኛው ብቻ፣ አቆራረጡ የተንጋደደ ቢሆንም፣ ሁለት ጥንድ ቅጠል ቀርቶለት ቆሟል።

«ጨረስኩ» አላት፤ ፊቱ በርቶ ነበር።

በቀኙ ያጠፋውን አላየውም። ሮዳ ይህን ተረዳች። ያን ፊት ከሆስፒታል ከመጡ ወዲህ አላየችውም ነበርና እውነቱን ለመናገር አልጨከነችም። ግንባሩን ሳመችው፣ ጎበዝ አለችው፣ ደግፋ አስገብታ አስተኛችው። ተመልሳ የወደቁትን አራቱንና የተሰነጠቀውን ሰበሰበች። ገና እንደለመለሙ ነበሩ፤ አንዱም አልጠወለገም። ከነጉቷቸው ማዳበሪያው ጉድጓድ ውስጥ ከታች ቀብራ ሣር ደፋችባቸውና መኪናዋን አስነስታ ወደ በርኒስ ወረደች።

በርኒስ የሆነውንም፣ በምትኩ አምስት ችግኝ ስጪኝ ማለቷንም ሰምታ ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች።

«ንገሪው» አለቻት። «ስንቱን የቻለ ሰው ነው፣ ይሄ ያቅተዋል?»

«ፊቱን ብታዪው እንዲህ አትይም ነበር።»

«ባልሽ የሄደበት ግማሽ ዓይኑ ነው እንጂ አፍንጫው አይደለም፣ የኔ እመቤት። የኔ ተክል ናፍታ ናፍታ ይሸታል።»

ያም ሆኖ በርኒስ ከጥቂት ቀን በፊት ራሷ የቀነጠበቻቸውን አምስት ችግኞች ጭና ሰጠቻት። ኤልደን ከእንቅልፉ ሲነሳ ስድስቱም ማሰሮዎች ቦታቸው ላይ ነበሩ።

ሁለት ሳምንት በደስታ አለፈ። ኤልደን ጠዋት ጠዋት ከዘራውን ይዞ ይወጣል፤ አዲስ የሚወጡትን ቀንበጦች እያየ ለሮዳ በጣቱ ሁለት፣ ሁለት እያለ ያሳያታል። እጁም ትንሽ የጠና መሰላት። ውሸቱ መድኃኒት ሆነ ብላ አመነች፤ ሌሊትም መተኛት ጀመረች።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ኤልደን የአንዱን ግንድ በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ ጣቱን ወደ አፍንጫው ወሰደ። ቀጥሎ ያለውንም አሸቶ አሸተተ። እንዲህ እያለ ከአንዱ ማሰሮ ወደ ሌላው ተጎተተ። የፔርል ግንድ ሲታሽ እንደ መንደሪን ልጣጭ ነው የሚሸተው። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ ያን ሽታ አገኘና እዚያው ቆመ።

«የኛ አይደለም» አለ ወደ አምስቱ እያመለከተ።

ሮዳ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ጀምራ ሁሉንም ነገረችው። ምን አይታ እንደተመለሰች፣ ደስታውን ማፍረስ እንዴት እንዳቃታት፣ ከበርኒስ እንዴት እንደወሰደች።  አልተቆጣም። ስታበቃ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጫፎቹስ?»

መጀመሪያ አልገባትም። ጣቱን እንደ ግንድ አቁሞ በሌላኛው፣ በማይታዘዘው እጁ ዙሪያውን ሊያሳያት ታገለ። «ውሃ» አለ። «ውሃ።»

ያን ጊዜ ገባት። ስንትና ስንት ዓመት በየግንቦቱ የቀነጠባቸውን ጫፎች በብርጭቆ ውሃ እያደረገ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ይደረድር ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጭ ሥር ያበቅላሉ፤ ለሚፈልግ ጎረቤት ይሰጣቸዋል። አዲስ ውሃ የምትቀይርላቸው እሷ ራሷ ነበረች። የዚያን ጠዋት የሰበሰበቻቸው ሁሉ እስከ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ከአምስቱ ሦስቱ እንኳ ይተርፉ ነበር። ያጠፋቸው የእሱ ምላጭ አልነበረም። እንዳያያቸው ብላ የቀበረቻቸው እሷ ናት።

ሮጣ ሄዳ ጉድጓዱን በእጇ ቆፈረችው። ጥቁር እንጨትና የበሰበሰ ቅጠል እንጂ የምታገኘው ነገር እንደሌለ እያወቀች ክንዷ እስኪዝል ቆፈረች። ኤልደን ከዘራው ላይ ተደግፎ ሲያያት ቆይቶ ወደ ቤት ገባ።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። ያቀረበችለትን ይበላል፣ ስትደግፈው ይነሳል፤ ያሉትን ጥቂት ቃላት ግን ነፈጋት። በአራተኛው ቀን ራሱ በሩን ከፍቶ ወጣና በሕይወት ወደተረፈችው ስድስተኛዋ ሄደ። ከተንጋደደው ቁራጭ በታች ሁለት ጠንካራ ግንዶች ወጥተው እንደገና ለመቀንጠብ ደርሰዋል። ከኪሱ ምላጩን አውጥቶ ዘረጋላት።

«አንቺ» አለ።

«አልችልም ኤልደን። እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«የኔም» አላት።

አጠገቧ ቆሞ ከየትኛው አንጓ በላይ እንደምትቆርጥ በጣቱ ጫነላት። ቆረጠች። ሁለቱን ጫፎች በብርጭቆ ውሃ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለቱም ሥር ሰደዱ። በሰኔ መጨረሻ እናትየዋ አራት ግንድ ይዛ ተንሰራፋች፤ ልጆቿም በማሰሮ ቆሙ። በርኒስ መጥታ ስታይ፣ ስምንት ተክል ሆናችሁ፣ ሸሪፉን ልጠራ ነው እያለች ቀለደች። ኤልደን ድምፁን አውጥቶ ሳቀ። ሮዳም ከረጅም ጊዜ በኋላ የልቧን ሳቀች።

ሐምሌ ሲያልቅ ሮዳ ውሃ ስታጠጣ በአንጓዎቹ ላይ ጥቃቅን ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ተንጠልጥለው አየች። ሴቴ ብትሆን ነጫጭ ፀጉር ታወጣ ነበር። ይህ ፀጉር የለውም። ልጆቹን ተመለከተች፤ እንደዚያው። እናትየዋ እያሉ ሲጠሩት የኖሩት ተክል ወንዴ ነበር። ወንዴ ምርት አይሰጥም፣ ዘርም አይቋጥርም፤ ብናኙን በነፋስ ይበትናል እንጂ።

የዚህን ጊዜ አልደበቀችም። በዚያው ደቂቃ እጁን ይዛ አወጣችው። ኤልደን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ተክሉን በግራው በኩል እስኪሆን ዞረና እንደገና አየ። በርኒስም ተጠርታ መጣች። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠን ቤት ውስጥ እናስቀምጥ፣ ብናኙን ሰብስበን ከኔ አንዷን ብናስረግዛት የፔርል ግማሽ እንኳ ይቀራል አለች። ሮዳ ሐሳቡን ወድዳው ባሏን አየችው።

ኤልደን አንዱን ፍሬ ነካ ሲያደርገው ተከፈተና ቢጫ ዱቄት ጣቱ ላይ ቀረ። ቁልቁል ወደ ሸለቆው ተመለከተ። ነፋሱ ወደዚያ ነው። እዚያ ታች ያለው ቤት ሁሉ የየራሱን ስድስት ተክል አሳድጓል፤ ይህ ብናኝ ከደረሰበት የሁሉም አበባ ዘር ቋጥሮ ይበላሻል።

«አይ» አለ። «ጎረቤት።»

ከታመመ ወዲህ ያን ቃል ሲያወጣ ሰምታው አታውቅም።

«አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ኤልደን» አለችው። «ላስቲክ አልብሼ፣ በጥንቃቄ።»

«ንቀዪው፤ ዛሬ» አለ።

በርኒስ ፊቷን አዙራ ወደ መኪናዋ ሄደች። ሮዳ ተክሉን ውሃ አርከፍክፋ አራሰችው፤ ብናኝ እርጥብ ሲሆን አይበርም። ከዚያ ግንዱን ከሥር ይዛ ሳበች። አልነቀል አላት። ኤልደን ከዘራውን ጥሎ በግራ እጁ ከእጇ በላይ ያዘ፤ ሁለቱ አብረው ሲስቡ ሥሩ አፈሩን ይዞ ወጣና ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱን ትንንሾች ብቻዋን ነቀለቻቸው። ሦስቱንም አቃጠለቻቸው።

ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ ኤልደን አለቀሰ። ሮዳ ትከሻዋን አስጠግታለት አብራው ተቀመጠች። እሱም አልሸሻትም።

በጥቅምት የበርኒስ አምስት ተክሎች በሸለቆው ታይቶ የማያውቅ ምርት ሰጡ። ኤልደን አንዱንም አልነካም። በጥር ስትሮኩ ደግሞ መጣበት፤ በሁለተኛው ቀን አረፈ።

ግንቦት ሲደርስ በርኒስ ዓይኔ ደክሟል ብላ ስድስት ችግኝ ይዛላት መጣች። ሮዳ ስድስቱንም ቀነጠበችላት፤ አንዱም አልተንጋደደም። በርኒስ ሁለቱን ለራስሽ አስቀሪ አለቻት።

«ዘንድሮ ይቅርብኝ» አለች ሮዳ፤ ችግኞቹንም አንድ በአንድ ወደ መኪናው አደረሰችላት።